ድምፅ አያስፈልገንም ያሉ ሴቶችና እኛ ያልተከራከርንበት መብት

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት አንድ የሲኤንኤን ዘገባ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው አጋሩ። ዘገባው በአይዳሆ ግዛት ስላለው የፓስተር ዳግ ዊልሰን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዘገባው የቀረቡ ፓስተሮች ለአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቢነሣ ደስ እንደሚላቸው ተናግረዋል፤ ድምፅ በነፍስ ወከፍ መሰጠቱ ቀርቶ በቤተሰብ አንድ እንዲሆንም ተመኝተዋል። ወሬው ዓለምን ፈጥኖ አዳረሰ፤ የተረዳነው ግን በከፊል ነው። አብዛኛው ሰው ነገሩን የጥቂት አክራሪ ወንዶች ምኞት አድርጎ አለፈው። ሴቶች አይምረጡ የሚለውን ሐሳብ ቀደም ባለው ዘመን በፊርማ፣ በመጽሔትና በአዳራሽ ንግግር ከማንም በላይ አደራጅተው ያራመዱት ግን ሴቶች ነበሩ፤ ያውም የተማሩ፣ ስመ ጥርና ባለ ጸጋ ሴቶች።

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያትና የካ አባዶ ባለው የከተማችን የአዲስ አበባ ምሥራቅ ለሚኖር አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ ሊመስል ይችላል። በአገራችን ሴቶች እንዳይመርጡ የታገለ፣ ስሙ በታሪክ የተመዘገበ የሴቶች ማኅበር የለም። ይህ የሚያኮራ ይመስላል። ነገር ግን ተቃውሞ ያልታየው ሁሉም ስለተስማማ ሳይሆን ክርክሩ ስላልተካሄደ ነው። በአደባባይ ያልተሸነፈ ሐሳብ ደግሞ ቤት ውስጥ እንደ ልማድ ይኖራል። ይህን ለማየት አስቀድሞ የእነዚያን ሴቶች አሠራር፣ ቀጥሎ የእኛን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል።

እነማን ነበሩ?

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ መቶ አራት ሴቶች የፈረሙበት የተቃውሞ ጥሪ በአንድ ታዋቂ መጽሔት ወጣ። ግንባር ቀደሟ በዘመኑ መጽሐፎቿ በብዛት የሚሸጡላት ደራሲ ሜሪ ዋርድ ነበረች። ከፈራሚዎቹ አንዷ ቢያትሪስ ፖተር፣ በኋላ ቢያትሪስ ዌብ ተብላ በማኅበራዊ ጥናት ስሟ የገነነው፣ ከዓመታት በኋላ አቋሟን በይፋ ቀየረች። እ.ኤ.አ. በ1908 የሴቶች ብሔራዊ ፀረ ምርጫ ሊግ ተመሠረተ፤ ለፓርላማ ከ300 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰበ። በረሃ አቋርጣ የመካከለኛውን ምሥራቅ ካርታ በመሥራት የምትታወቀው ጌርትሩድ ቤልም ከመሪዎቹ መካከል ነበረች።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርክ የተቋቋመውን ብሔራዊ ማኅበር የመራችው ጆሴፊን ዶጅ ናት። ዶጅ ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉባቸውን የሕፃናት ማቆያዎች በማስፋፋት የተመሰገነች ሴት ነበረች። በርናርድ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ እንዲመሠረት የደከመችው አኒ ናታን ማየርም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ቆማለች። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ለወንዶች ብቻ በቀረበው ሕዝበ ውሳኔ 67 በመቶ የሚሆነው ድምፅ የሴቶችን ምርጫ ውድቅ ሲያደርግ፣ ጌርትሩድ ሃልዲማን የመራችው የሴቶች ኮሚቴ ከዘመቻው ግንባር ላይ ነበር። የስዊዝ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ መምረጥ የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

እነዚህን ሴቶች ያልገባቸው ወይም የተታለሉ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። ማስረጃው ግን ለዚያ አይመችም። ትምህርት ቤት ያቋቋሙ፣ መጽሐፍ የጻፉ፣ ድሆችን ያገለገሉ ነበሩ። ስለዚህ ምክንያታቸው በቁም ነገር መታየት አለበት።

ለምን ተቃወሙ?

የመጀመሪያው ምክንያት ተሰሚነት ነው። ሜሪ ዋርድን የመሰለች ሴት ሚኒስትር እቤቷ እራት ትጋብዛለች፤ ሐሳቧ በአንድ ምሽት ሕግ አውጪው ጆሮ ይደርሳል። ለእሷ የምርጫ ወረቀት አዲስ ኃይል አይጨምርም፤ እንዲያውም የእሷንና የልብስ አጣቢዋን ቃል እኩል ያደርገዋል። የበላይነቷ ያለው በዝምድናና በትውውቅ ላይ በመሆኑ፣ ድምፅ የሚቆጠርበት ሥርዓት ያሳንሳታል።

ሁለተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። ብዙዎቹ ሴት በትምህርት፣ በጤናና በድሆች እርዳታ እንድትሠራ አጥብቀው ይደግፉ ነበር። ዋርድ ራሷ ሴቶች በአካባቢ አስተዳደር መሳተፋቸውን ደግፋለች። በእነሱ እይታ ጦር፣ ንግድና ግዛት የወንዶች ጉዳይ ነው፤ ሴት ከፓርቲ ጠብ በላይ ሆና መቆየቷ ደግሞ ለበጎ ሥራዋ ተአማኒነት ይሰጣታል።

ሦስተኛው ጥበቃን የማጣት ፍርሃት ነው። አብዛኛው የቤተሰብ ገቢ በባል እጅ በሆነበት ዘመን፣ የሴት ዋስትና ባል ሚስቱን የማስተዳደር ግዴታ ያለበት መሆኑ ነበር። እኩልነት ቢመጣ ግዴታው ይላላል፣ ገቢ ግን ወዲያው አይመጣም ብለው ሰጉ። ይኸው ስጋት ከስድሳ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ወግ አጥባቂዋ ፊሊስ ሽላፍሊ የወንድና የሴት እኩል መብት የሕገ መንግሥት ማሻሻያን ለማክሸፍ ዘመቻ ስትጀምር ለቤት እመቤቶች የነገረቻቸው ይህንኑ ነው። ማሻሻያው 38 ግዛቶች እንዲያጸድቁት ያስፈልገው ነበር፤ 35 ላይ ቆመና እ.ኤ.አ. በ1982 የጊዜ ገደቡ አለፈ።

አራተኛው የበላይነትን መጠበቅ ነው፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን ከሁሉም በላይ የሚነካን ይህ ነው። የእንግሊዙ የሴቶች ሊግ ከወንዶቹ ጋር ከተዋሐደ በኋላ የመሩት ሎርድ ክሮመር ግብፅን ለረጅም ዓመታት የገዙ፣ ተከታያቸው ሎርድ ከርዘን ደግሞ በሕንድ የንጉሡ እንደራሴ የነበሩ ናቸው። መከራከሪያቸው ሴቶች የሚመርጡት መንግሥት ቅኝ ግዛቶችን ጸጥ አድርጎ ሊገዛ አይችልም የሚል ነበር። በደቡባዊ አሜሪካ ደግሞ እንደ ጆሴፊን ፒርሰን ያሉ የቴነሲ ተቃዋሚዎች የሴቶች ምርጫ ጥቁር ሴቶችንም ወደ ድምፅ መስጫ ያመጣል ብለው አስፈራሩ። አንዲት ሴት በፆታዋ የበታች ሆና በዘሯ ወይም በሀብቷ የበላይ ስትሆን፣ የበላይነቷን ለማቆየት የበታችነቷን ልትቀበል እንደምትችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

ዘመቻው እንዴት ሠራ?

ወንድ ፖለቲከኛ «ሴቶች መምረጥ የለባቸውም» ሲል የራሱን ጥቅም ይጠብቃል ይባላል። ሴት ስትናገረው ግን ክርክሩ ይለወጣል፤ ጥያቄው ከፍትሕ ወጥቶ «ሴቶቹ ራሳቸው ይፈልጋሉ ወይ?» ወደሚል ይዞራል። በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1895 ሴቶችም አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የተፈቀደበት፣ አስገዳጅ ያልሆነ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ተቃዋሚዎቹ ሴቶች ከቤት እንዳይወጡ መከሩ። ብቁ ከነበሩት በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ሴቶች የወጡት ከ25 ሺህ ያነሱ ነበሩ፤ የወጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ደግፈው ሳለ ያልወጡት ዝምታ እንደ ተቃውሞ ተቆጠረ። ዝምታን እንደ ፈቃድ የመተርጎም ስልት ከዚያ ወዲህ ብዙ አገልግሏል።

ገንዘብም ነበረበት። የአሜሪካ የአልኮል አምራቾች ሴቶች ከመረጡ መጠጥ ይታገዳል ብለው ስለፈሩ በስውር ተቃዋሚዎችን ይረዱ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ የተገዙ ናቸው ማለት አይደለም፤ እምነታቸው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሌላው ጥቅሙን በእነሱ ድምፅ ማስነገር ቻለ።

ዘመቻው ግን በውስጡ ተቃርኖ ነበረበት። ሴት ለአደባባይ አትሆንም ለማለት አደባባይ መውጣት፣ ማኅበር መምራት፣ መጽሔት ማዘጋጀትና እንደራሴዎችን ማግባባት አስፈለገ። ነሐሴ 1920 እ.ኤ.አ. ላይ በቴነሲ ሃሪ በርን የተባለ የ24 ዓመት እንደራሴ ቀይ ጽጌረዳ፣ የተቃዋሚዎቹን ምልክት፣ በደረቱ ሰክቶ ገባ፤ ከእናቱ የደረሰው ደብዳቤ ግን ድጋፉን እንዲሰጥ አደረገውና የሴቶችን የመምረጥ መብት የሰጠው ማሻሻያ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተቃዋሚ ሴቶች መምረጥ ጀመሩ። አንዳንዶቹም በመጽሔታቸው ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የወጣውን የፌዴራል ሕግ ሳይቀር ተዋጉ። በምርጫ ጥያቄ ቢሸነፉም ፖለቲካ ውስጥ ቆይተዋል።

በኢትዮጵያ ለምን አልታየም?

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ፤ ተራው ወንድም አይመርጥም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ለወንድም ለሴትም፣ በአንድ ቀን መብቱን ሰጠ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ የፓርላማ አባል ሆኑ፤ በኋላም ምክትል አፈ ጉባኤ። ወ/ሮ ስንዱ የተማሩት በስዊዘርላንድ ነው። ያስተማረቻቸው አገር ለሴቶቿ ድምፅ የሰጠችው እሳቸው ከተመረጡ ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ተቃዋሚ ያልተነሣው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ከጥቂት መኳንንትና ሹማምንት ሌላ ቀድሞ መራጭ የሆነ ሰፊ የወንዶች ክፍል ስላልነበረ ሴቶች ሲጨመሩ ድርሻው የሚቀንስበት ሰው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ውሳኔው የቤተ መንግሥት በመሆኑ ፊርማ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም፤ ዘመቻ የሚኖረው ሊያሳምኑት የሚገባ ወሳኝ አካል ሲኖር ነው። ሦስተኛ፣ ፓርላማው ራሱ ሥልጣኑ የተገደበ ነበር። ዋጋው ትንሽ የሆነን ነገር አጥብቆ የሚቃወም አይገኝም። አራተኛ፣ ከፍ ያሉ ወይዛዝርት ሌላ በር ነበራቸው። ከእቴጌ ምንትዋብ እስከ እቴጌ ጣይቱ የሴት ሥልጣን በዙፋን ዙሪያ ይሠራ ነበር፤ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም ትኩረቱ በእርዳታ ሥራ ላይ ነበር።

አምስተኛውና ዋነኛው ግን ሕጉ ራሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አደረገው፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ግዴታ ጣለባት። ይህ የሆነው መብቱ ከታወጀ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የአይዳሆዎቹ ፓስተሮች የሚመኙት የአንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ ሥርዓት በእኛ አገር በምርጫ ሕግ ሳይሆን በጋብቻ ሕግ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሴቲቱ በምርጫ ጣቢያ ዜጋ፣ በቤቷ ታዛዥ ሆነች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በሕግ ድጋፍ ካገኘ፣ የሚቃወም ማኅበር ማቋቋም ለምን ያስፈልጋል?

ክርክሩ የተካሄደው ዘግይቶ፣ በሌላ መስክ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ግንባር ቀደምነት፣ የቤተሰብ ሕጉ እንዲለወጥ ዘመተ። አዋጅ ቁጥር 213/1992 የባልን አስተዳዳሪነት አስቀርቶ ጋብቻን በእኩልነት ላይ አቆመ፤ የጋብቻ ዕድሜንም 18 አደረገ። ከምርጫ መብቱ እስከዚህ ሕግ 44 ዓመት አለፈ። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በመሆኑ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው።

የተደበቀው ተቃውሞ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንድ ከባድ ቁጥር አሳይቷል። ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ በልጠው የገዛ ራሳቸውን መብት የሚያሳንስ መልስ ሰጡ።

ይህን እንደ ድንቁርና ማንበብ የሜሪ ዋርድን ጓደኞች እንደ ሞኞች ከማየት የተለየ አይደለም። መውጫ የሌላት ሴት ያለችበትን ሁኔታ ትክክል ነው ማለቷ ራሷን የምትጠብቅበት መንገድ ነው። ጎረቤትና ዘመድ የሚዳኛትም በዚያው ሚዛን ስለሆነ፣ የተለየ መልስ መስጠት ዋጋ ያስከፍላታል። በእንግሊዝ የነበረው ተቃውሞ የባለ ጸጋዎች ሆኖ በአደባባይ ተነገረ፤ የእኛው የብዙኃን ሆኖ በየቤቱ ቀረ። በአደባባይ የተነገረው መልስ ተሰጥቶበት ተሸነፈ፤ በየቤቱ ያለው ግን እስካሁን መልስ የሰጠው የለም።

ከቦሌ እስከ አያት

የከተማችን ምሥራቅ ይህን ለመመርመር ጥሩ ቦታ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቦሌ የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ ልኳል። ከዚያው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በሰሚትና በየካ አባዶ፣ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ተዘርግተዋል። በዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች መለየቱ ከፓርላማ ወንበር ያላነሰ ፖለቲካዊ ትርጉም አለው። በስሟ የተመዘገበ ቤት ያላት ሴት፣ ያገባችም ያላገባችም፣ ከቤቴ እወጣለሁ ወይም ውጣልኝ ማለት ትችላለች። ተቃዋሚዎቹ ሴቶች ጥበቃን እናጣለን ብለው ለፈሩት ፍርሃት መልሱ ይህ ነው፤ ጥበቃው ከባል ግዴታ ወደ ራሷ ንብረት ይሸጋገራል።

ሆኖም በዚያው ሰፈር ሌላ ጥያቄ አለ። በቦሌ ቪላዎችና አፓርታማዎች የተማረችው እመቤት ወደ ሥራ የምትወጣው፣ ከገጠር የመጣች ወጣት ቤቷን ስለያዘችላት ነው። በሕግ ሁለቱ እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ነገር ግን ለመመዝገብ ነዋሪነትን ማረጋገጥ፣ ለማረጋገጥ መታወቂያ፣ ለመታወቂያ የአሠሪ ትብብር ያስፈልጋል፤ ለመውጣት ደግሞ ፈቃድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን በቀጥታ ስለማይሸፍን፣ የዕረፍት ቀናቸው በአሠሪያቸው መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። የለንደን ወይዛዝርት በግልጽ ያሉትን፣ የእኔና የሠራተኛዬ ድምፅ እኩል አይሁን የሚለውን፣ እዚህ ማንም በቃል አይለውም። ፈቃድ በመከልከል ብቻ ግን ሊፈጸም ይችላል።

ሦስት መንገዶች

የምርጫ መብቱ ከዚህ በኋላ ሊሄድባቸው የሚችሉ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መንገድ መብቱ በሕግ የሚነሣበት ነው። ይህ ከሞላ ጎደል የማይሆን ነው። የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት፣ በአንቀጽ 38 ሥር ነው፤ ይህን ምዕራፍ ለማሻሻል አንቀጽ 105 የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች ይሁንታ፣ በተጨማሪም የሁለቱን ፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ከዚህ በላይ ከባድ አጥር ማበጀት ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ መብቱ እንዳለ ሆኖ ይዘቱ የሚሸረሸርበት ነው፤ የበለጠ የሚያሰጋውም ይህ ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ በ1987 ዓ.ም. ከ3 በመቶ የማይበልጥ ነበር፤ በ2007 ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 212 ደረሰ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆኑ፤ ወ/ሮ ሳህለወርቅ ዘውዴም ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን እንደ 1948ቱ መብት ሁሉ ከላይ የመጣ ነው። በፓርቲ ውሳኔ የገባ ድርሻ በፓርቲ ውሳኔ ሊወጣ ይችላል። ወንበሩን የያዘችው ሴት ከኋላዋ የተደራጀ መራጭ ከሌላት የምትሟገተው በማን ስም ነው? በዚህ ክፍተት እንደ አይዳሆው ያለ የውጭ ስብከት በስልክ ሲደርስ፣ «ፖለቲካ ለሴት ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ በራሷ በሴቲቱ አፍ ሊነገር ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ክርክሩ አሁን በግልጽ የሚካሄድበት ነው። ይህ ዋጋ አለው። አደባባይ የወጡ ሴቶች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርስባቸው ስድብና ዛቻ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ክርክሩ ሲከፈትም ተቃዋሚ ሴቶች ይናገራሉ፣ አንዳንዶቹም ያሳምናሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የታየው ግን ክርክሩ ሲከፈት መብቱ ሥር እንደሚይዝ ነው። ቢያትሪስ ዌብ አቋሟን የለወጠችው ከተከራከረች በኋላ ነው።

ምዘና

በኢትዮጵያ የሴቶች የምርጫ መብት በወረቀት ላይ የጸና፣ በቤት ውስጥ የሳሳ ነው። የሚያጠነክሩት ነገሮች ከምርጫ ሳጥኑ ውጭ ናቸው፤ በስሟ የተመዘገበ ንብረት፣ ለቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀንን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ፣ መታወቂያ ያለ አሠሪ ፈቃድ የሚገኝበት የወረዳ አሠራር፣ የድምፅ ምሥጢራዊነት ከባልና ከቤተሰብም እንደሚጠበቅ የሚያስረዳ የመራጮች ትምህርት። እያንዳንዳቸው ያለ ትልቅ በጀት ሊጀመሩ ይችላሉ፤ የሚጎድላቸው የሚጠይቃቸው የተደራጀ ድምፅ ነው።

ለመብቱ የቆሙ ደግሞ ከተቃዋሚዎቹ ሴቶች የሚማሩት አለ። «ድምፅ ምን ያደርግልኛል?» የምትል ሴት ጠላት አይደለችም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረው ስላላገኘችው ዋስትና ነው። ለእሷ መልስ የሚሆነው ስለ መብት የሚሰጥ ስብከት ሳይሆን መብቱ ቤቷን፣ ደመወዟንና ልጇን እንዴት እንደሚነካ የሚያሳይ ተጨባጭ ማስረጃ ነው። ይህን መልስ የምንሰጣት እኛ መሆን አለብን፤ ዝም ካልን ሌሎች የራሳቸውን መልስ ያደርሷታል። መብቱ ሳንከራከርበት ከተሰጠን ሰባ ዓመት አልፏል፤ በገዛ ክርክራችን የራሳችን የምናደርገው አሁን ነው።